ከታይትሉ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። እስካሁን የምመላለሰው በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ መኪና ነበር። እሷ ሌላ ስቴት ስትሄድ መኪና መግዛት ግድ ሆነብኝ።

የልጄ የክርስትና እናት ባለቤት ከጨረታ መኪና እያመጡ ይሸጣሉ። ደጃቸው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መኪና አይጠፋም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ለእኔ እንደ እናት ናቸው፤ ስወልድ አርባ ቀን ሙሉ እየመጡ አርሰውኛል። ባለፈው ወር የ2014 ሞዴል መኪና በ9,200 ዶላር ተስማማን። ቆጣሪው 87,410 ማይል ይላል። እቁብ ደርሶኝ ስለነበር 4,000 በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ)፣ 3,000 በእጅ ሰጠኋቸው። የቀረውን 2,200 በዚህ ወር መጨረሻ ልከፍል ተነጋገርን። በመካከላችን የተጻፈ ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት የኢንሹራንስ ወረቀቴን ላስቀምጥ የዳሽቦርዱን ኪስ ስከፍት፣ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ መሐል የታጠፈ የጎማ ቤት ደረሰኝ አገኘሁ። ቀኑ ኦገስት 2022 ነው። ማይል በሚለው ቦታ 148,306 ይላል። ዓይኔን ተጠራጠርኩ።

ጋሼን ስጠይቃቸው «የሌላ መኪና ደረሰኝ ይሆናል፤ ደግሞ አሥር ዓመት ያለፈው መኪና ማይል አይጠየቅም» አሉኝ። ታይትሉን፣ ማለትም የመኪናውን የባለቤትነት ወረቀት፣ የሰጡኝ በማግሥቱ ነው። በስማቸው አይደለም፤ የማላውቃት ሴት ስም ነው ያለበት። ጀርባው ላይ ሴትየዋ ፈርማለች፤ የገዢው ስምና የማይሉ ቦታ ግን ባዶ ነው። «ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር አይተሽ ሙዪው፣ ስምሽን ጻፊና ዲኤምቪ ውሰጂው» ነው ያሉኝ። ከዲኤምቪ፣ ከመኪና መመዝገቢያው መሥሪያ ቤት፣ ያወጣሁት ጊዜያዊ ፈቃድ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ባለቤቴ «ለብረት ብለን አበልጅ አናጣም» ይላል። ወንድሜ ደግሞ «ቁጥሩን ጻፊውና ለሌላ ሰው ሽጪው፣ ተገላገዪ» ይለኛል። እኔ ማንንም መክሰስ አልፈልግም፤ ግን እንዴት እንዲህ ሞኝ ሆንኩ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ባዶውን ቦታ ልሙላው? የቀረውን ገንዘብስ ልክፈል?

እስክሪብቶው የከበዳት እናት

መልስ፦

እኅቴ፣ የወሩ መጨረሻ እየደረሰ ስለሆነ ለሁለቱ ጥያቄዎችሽ አስቀድሜ ልመልስልሽ። ባዶውን ቦታ አንቺ አትሙዪው። 2,200ውም ነገሩ እስኪጣራ እጅሽ ላይ ይቆይ። ቀጥሎ የምጽፍልሽ ለምን እንደዚያ እንዳልኩና ከጋሼ ጋር ሳትቀያየሚ እንዴት መነጋገር እንደምትችዪ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከ60 ሺህ ማይሉ ልዩነት ይልቅ የከበደሽ፣ ያረሰችሽ ሴት ቤት ገብተሽ «ወረቀት አሳዩኝ» ማለቱ መሰለኝ። ይገባኛል። እኛ ዘንድ የቅርብ ሰው ሲሸጥልን መጠየቅ ሰውየውን እንደ መጠርጠር ነው የሚቆጠረው። አሁን ግን ያለሽበትን ቦታ እዪው። ገንዘቡን የከፈልሽው አንቺ ነሽ፤ መኪናውንም የምትነጂው አንቺ ነሽ። በወረቀት ግን መኪናው የዚያች የማታውቂያት ሴት ነው። የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳው ከመኪናው ጋር ነው የሚሄደው። ጋሼ ደግሞ በታይትሉ ሰንሰለት ውስጥ ጭራሽ የሉም። ወረቀት መጠየቅሽ እሳቸውን ማማት አይደለም፤ የገዛሽው ነገር የአንቺ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ሞኝ ነኝ ያልሽውንም ልተወው አልችልም። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት በአገሩ ውስጥ በየዓመቱ ከ450,000 በላይ መኪና ቆጣሪው ትክክል ሳይሆን እንደሚሸጥ ይገምታል። እዚያ ውስጥ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ መኪና እናውቃለን የሚሉ ሰዎች አሉ። አንቺ እንዲያውም መመሪያ መጽሐፉን ገልጠሻል፤ ደረሰኙን አልጣልሽውም።

አሁን ታይትሉን አዙሪና አብረን እንየው። ከሻጩ ፊርማ አጠገብ የማይል ቁጥር የሚጻፍበት መስመር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከነጥብ በኋላ ያለውን አትጻፉ የሚል ማሳሰቢያ አለው። እዚያው አካባቢ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ታያለሽ። አንደኛው ማይሉ ከቆጣሪው አቅም በላይ አልፏል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ቁጥሩ ትክክለኛው ማይል አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ሻጩ ሁለቱንም ሳይነካ ከፈረመ «እኔ እስከማውቀው ይህ እውነተኛው ማይል ነው» ማለቱ ነው። ቁጥሩን ጽፎ የሚፈርመው ሻጩ ነው። አንቺ የምትፈርሚው የጻፈውን አይቻለሁ ብለሽ ነው። አሁን 87,410 ብለሽ ብትሞዪው ያቺ ሴት ያላለችውን ነገር በእሷ ፊርማ ላይ ጨመርሽ ማለት ነው፤ ያውም 148,306 የሚል ደረሰኝ በእጅሽ እያለ። እስካሁን የተበደልሽ ሰው ነሽ፤ ያንን ቁጥር የጻፍሽ ዕለት ግን በሐሰቱ ውስጥ የአንቺም እጅ ይገባበታል። እስክሪብቶው የከበደሽ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጋሼ ስለ አሥር ዓመቱ የነገሩሽ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም፤ ድሮ ሕጉ እንደዚያ ነበር። የቆጣሪ ማጭበርበርን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1972 ነው፤ ማይሉ ታይትሉ ላይ ይጻፍ የሚለው በ1986 ተጨመረበት። ለረጅም ጊዜ አሥር ዓመት የሞላው መኪና ከዚህ ነፃ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ወዲህ ግን ነፃ የሆኑት የ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት የነበሩት ብቻ ናቸው። የ2011 ሞዴልና ከዚያ በኋላ የመጡት 20 ዓመት ይጠብቃሉ። የአንቺ የ2014 መኪና እንግዲህ እስከ 2034 ድረስ በተሸጠ ቁጥር ማይሉ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ጋሼ አሮጌውን ሕግ ይዘው ቀርተው ሊሆን ይችላል። ደጁ ላይ ሁልጊዜ ሦስት መኪና የሚያቆም ሰው ግን ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ይህን ሳልልሽ ባልፍ ቅን አልሆንም። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት በ12 ወር ውስጥ ከአምስት በላይ ያገለገለ መኪና የሸጠ ሰው ነጋዴ ነው፤ በመስኮቱ ላይ ዋስትና አለው ወይስ የለውም የሚል የገዢ መረጃ ወረቀት መለጠፍ ይጠበቅበታል። መኪናውን ስታዪ እንዲህ ያለ ወረቀት ነበረው?

ታዲያ ከመደወልሽ በፊት ደረሰኙን አውጪና ብርሃን ላይ እዪው። የጎማ ቤት ደረሰኝ ብዙ ጊዜ የመኪናውን ዓይነትና የታርጋ ቁጥር፣ አንዳንዴም ቪን የሚባለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የመኪናውን መለያ ይይዛል። ቪኑ ካለ በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወት ሥር ካለው፣ በሩ ላይ ከተለጠፈውና ከታይትሉ ጋር አስተያዪው። ከተለያየ ጋሼ እውነታቸውን ነው፤ አንቺም ተገላገልሽ። ቀጥሎ ታይትሉን ወደ ፊት አዙሪው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ታይትሉ በወጣበት ጊዜ የነበረው ማይል ፊቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ደብዳቤሽ ላይ እሱን አልጠቀስሽውም። ምን ይላል? እዚያው ላይ ሳልቬጅ (ክፉኛ ተጎድቶ የነበረ) ወይም ሪቢልት (ከጉዳት በኋላ የተጠገነ) የሚል ቃል፣ ወይም የባንክ ስም አለ?

ከዚያ በቪኑ የመኪናውን ታሪክ አውጪ። ካርፋክስና መሰሎቹ መኪናው ሰርቪስና ምርመራ በገባ ቁጥር የተመዘገበውን ማይል ከነቀኑ አሰልፈው ያሳያሉ። የስቴቶች የታይትል መረጃ የሚገናኝበት የፌዴራል መረጃ ቋትም አለ፤ ሪፖርቱን ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች በጥቂት ዶላር ይሸጡታል። አንድ መኪና በአንዱ ስቴት በጎርፍ ወይም በአደጋ ተመዝግቦ በሌላው ስቴት ንጹሕ ታይትል ይዞ ብቅ የሚልበት ጊዜ ስላለ፣ የስቴትሽን ብቻ አይተሽ አትመለሺ።

ደግሞም ማንም ሳያጭበረብር ቁጥሩ ሊለያይ የሚችልበት አንድ መንገድ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሙሉ ጌጅ ተበላሽቶ ከሌላ መኪና በወጣ ከተተካ፣ የሌላውን መኪና ማይል ይዞ ይመጣል። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። የድሮው ቁጥር መልሶ ካልተሞላበት ቆጣሪው ዜሮ ላይ ይደረግና፣ የቀድሞው ማይልና የተቀየረበት ቀን ተጽፎ በሹፌሩ በር በኩል ባለው የበሩ ፍሬም ላይ ይለጠፋል። የሹፌሩን በር ከፍተሽ ፍሬሙን በደንብ እዪው። እግረ መንገድሽን የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክና የሹፌሩን ወንበር በመውጫው በኩል ተመልከቺ። ላስቲኩ ልሙጥ ሆኖ መስመሩ ከጠፋ፣ የወንበሩ ጠርዝም ከተላጠ፣ 87 ሺህ ማይል ብቻውን ይህን ማድረጉ ያጠራጥራል። የምታምኚው መካኒክ ካለም አስመርምሪው። በአንዳንድ መኪኖች የማይሉ ቁጥር በሌሎች ኮምፒውተሮቻቸው ውስጥም ስለሚቀመጥ፣ በመመርመሪያ መሣሪያ ሊነበብ ይችላል።

እነዚህ በአንድ የእረፍት ቀን የሚያልቁ ናቸው። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የዜሉን ማስረጃና በእጅ የሰጠሽበትን ቀንም አንድ ቦታ ጻፊ።

ከዚያ ጋሼን ሂጂና አነጋግሪያቸው። በስልክ ባይሆን ይሻላል፤ በሰው ፊትም አይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት። ደረሰኙን ካገኘሁ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። እርስዎ ከጨረታ ሲያመጡት ማይሉ ስንት ነበር? ከዚያ የተሰጠዎት ወረቀት ካለ አብረን እንየው።» ጥያቄው ይህችው ናት፤ «አታለሉኝ» የሚል ነገር የለባትም። ከጨረታ የመጣ መኪና ሽያጩን የሚያሳይ ወረቀት አለው፤ ማይሉም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ወረቀቱን ለማምጣት ከተነሱ እሳቸውም እንዳንቺ ተታለው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ጠፋ ብለው ወደ ቁጣ ከሄዱ ግን ያም ራሱ መልስ ነው። በዚያን ጊዜ አትከራከሪ፤ ቤትሽ ገብተሽ የተነጋገራችሁትን በአጭሩ ጽፈሽ በቴክስት ላኪላቸው፣ በጽሑፍ ይኑርሽ።

ደረሰኙ የመኪናው ሆኖ ከተገኘ በፊትሽ ያሉት መንገዶች ሁለት ይመስሉኛል። አንደኛው መኪናውን መልሰሽ ገንዘብሽን መውሰድ ነው። ሁለተኛው ጋሼ መጀመሪያ መኪናውን በራሳቸው ስም አዙረው፣ ከዚያ ማይሉ ትክክል አይደለም የሚለውን ሳጥን ራሳቸው ምልክት አድርገው፣ ዋጋውን ቀንሰው ለአንቺ ማስተላለፋቸው ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ፊርማ ያለበትን ታይትል በስማቸው ሳያዞሩ በቀጥታ ለአንቺ ማቀበላቸው ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የስም ማዞሪያ ግብርና ክፍያ ለመዝለል ብለው ብዙዎች ያደርጉታል፤ ዲኤምቪ ካወቀ ግን ላይቀበለው ይችላል። በሁለተኛው መንገድ የምትሄጂ ከሆነ ያ ምልክት ከታይትሉ ላይ እንደማይነሳ እወቂ። ነገ ስትሸጪው ዋጋው የወረደ ነው፤ ስለዚህ ቅናሹ ለወግ ያህል ሁለት ሦስት መቶ ዶላር መሆን የለበትም። የኔን ሐሳብ ካልሽ የመጀመሪያውን እመርጥልሻለሁ። እውነተኛ ማይሉ የማይታወቅ መኪና ሰርቪሱም አይታወቅም። የሞተር ቀበቶ፣ የማርሽ ዘይት፣ የእግር ዕቃ ሁሉ በማይል ነው የሚቀየረው፤ አንቺ ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብቻሽን አውራ ጎዳና ላይ የምትነጂ ሰው ነሽ። በየትኛውም መንገድ ሂጂ፣ ስምምነታችሁ በወረቀት ይሁን፤ ፊርማውንም ከገንዘቡ አስቀድሙ።

ወንድምሽ የሚልሽ ከፍቅር እንደሆነ አያጠራጥርም፤ እኅቱ ገንዘቧን እንዳታጣ ነው። ግን መኪናውን ከአንቺ የሚገዛው ሰው ማን ይመስልሻል? እንዳንቺው እቁቡን አጠራቅሞ፣ «ሐበሻ ናት፣ አትዋሸኝም» ብሎ የሚመጣ ሰው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በጽሑፍ የዋሸችው አንቺ ትሆኛለሽ። ለባለቤትሽ ግን ሌላ ነገር አለኝ። አበልጅ አናጣም ማለቱ መልካም ነው፤ እኔም እንድታጡ አልፈልግም። ነገር ግን ዝም ብለሽ ከፍለሽ በየወሩ መካኒክ ቤት ስትመላለሺ፣ ከጋሼ ባለቤት ከእትዬ ጋር የምትጠጪው ቡና እንደ ድሮው የሚጣፍጥሽ ይመስለዋል? ቀስ ብለሽ ጠይቂው። ያልተነገረ ቅያሜ ዝምድናን ሲያቀዘቅዝ ብዙ ቤት አይቻለሁ።

እትዬን በመካከል አታስገቢያቸው። ምናልባት ስለ መኪናው አንድም ነገር አያውቁም፤ ባላቸውንና አንቺን እንዲያመዛዝኑ ማድረግ ይከብዳቸዋል። ከጋሼ ጋር ብቻችሁን ካልተግባባችሁ፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው ይግባ፤ የሃይማኖት አባት ወይም ጋሼ የሚያፍሩት ታላቅ ሊሆን ይችላል። ሽምግልናው ግን ቀን ይኑረው። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሰጠው የክስ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ «እናያለን፣ እናያለን» እየተባለ ያልቃል።

ክስ አልፈልግም ብለሻልና አልገፋሽም። መብትሽን አውቀሽ መተው ግን ሳታውቂው ከመተው ይለያል። በፌዴራሉ ሕግ አንድ ሰው ለማታለል አስቦ የማይል ሕጉን መጣሱ ከተረጋገጠ፣ የተጎዳው ገዢ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ወይም 10,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያገኛል፤ የጠበቃ ወጪም ይጨመርለታል። «እንዳለ ነው የሸጥኩት» የሚል ቃልም ሐሰተኛ ማይል ለሰጠ ሰው ከለላ አይሆነውም። ዋናው ጥያቄ ጋሼ ማወቃቸው ነው፤ ለዚህም ነው የጨረታውን ወረቀት አጥብቀሽ ጠይቂ ያልኩሽ። ነገሩ በስምምነት ካላለቀ በስቴትሽ ያለ የነፃ ሕግ አገልግሎት ወይም የሸማቾች ጉዳይ የያዘ ጠበቃ አንድ ጊዜ ብታማክሪ አይጎዳሽም፤ ማማከር መክሰስ አይደለም።

ጊዜያዊ ፈቃድሽ ሊያልቅ ነው። ዲኤምቪ ሄደሽ የሆነውን እንዳለ ንገሪያቸውና ማራዘም ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ካልተራዘመ መኪናው ይቁም። ለጥቂት ሳምንት ከሥራ ቦታ የሚያደርስሽ ሰው አለ? ተቆጣጣሪሽን ፈረቃ ቀይሪልኝ ብትዪያትስ? ይህንንም አስቢበት፤ ያለ መኪና መቆየት ስለማልችል ብለሽ ባልሆነ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ ፈርቼልሽ ነው።

የታይትሉ ፊት ላይ ያለውን ቁጥር አይተሽ ጻፊልኝ፤ ጋሼ የመለሱልሽንም ጨምሪበት። እጠብቃለሁ።